መንፈሳዊ ሰው ማን ነው? ከአቡነ ያዕቆብ ሕይወት



መንፈሳዊነት የሚለውን ቃል ሳንሰማ የምናሳልፈው ሰንበት የለም ማለት ይቻላል። መንፈሳዊ መዝሙር፣ መንፈሳዊ ጉዞ፣ መንፈሳዊ መጽሐፍ፣ መንፈሳዊ ሰው እንላለን። ነገር ግን ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ አጠራሩን ያህል ቀላል ሆኖ አናገኘውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተዘጋጀ አንድ ሥልጠና ላይ፣ መንፈሳዊ የሚሉትን ሰው እንዲገልጹልን ተሰብሳቢዎቹን ጠይቀን ነበር። አንዱ አብዝቶ የሚጾመውን፣ ሁለተኛው ሲጸልይ እንባው የሚፈስሰውን፣ ሌላዋ ደግሞ ከሰው ርቆ ስለ ዓለም ነገር የማይናገረውን ሰው ገለጹ። በመጨረሻም በዕድሜ የገፉ አንድ መምህር ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሲያርሱና ስድስት ልጆች ሲያሳድጉ ስለ ኖሩ፣ መንፈሳዊ ለመሆን ጊዜ ሳያገኙ መሞታቸው መሆኑን በተሰበረ ድምፅ ተናገሩ። ያን ዕለት የሰጠናቸው መልስ እኛን ራሳችንን አላረካንም። ከዘርአ ክህነት ያመጣነውን ትርጓሜ ደረደርን፤ እርሳቸውም በአክብሮት ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያን ዕዳ ለመክፈል ነው፤ የምንከፍለውም በትርጓሜ ሳይሆን በአንድ ሰው ሕይወት ነው።

ሆኖም አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ቅዱስ ጳውሎስ መንፈሳዊ ሲል ሥጋ የሌለውን ወይም ሥጋውን የጠላውን ሰው ማለቱ አይደለም። መንፈስ ቅዱስ የሚመራውን ሰው ማለቱ ነው፤ እንዲህ ያለውንም ሰው በፍሬው፣ ማለት በፍቅሩ፣ በትዕግሥቱ፣ በየዋህነቱና እነዚህን በመሳሰሉት እንድናውቀው ያስተምረናል። በአንጻሩም ሥጋዊ የሚለው ለራሱ ብቻ የሚኖረውን ሰው ነው። ስለዚህ ከሥጋ ሥራዎች መካከል ቅናትንና ጠብን ሳይቀር ይቆጥራል፤ እነዚህም ሁለቱ በጾም ቀን እንኳ ከሰው ልብ እንደማይጠፉ ሁላችንም እናውቃለን። ቃል ሥጋ መሆኑን የምታምን ቤተ ክርስቲያን የሰውን ሥጋ፣ ቋንቋውን፣ ሥራውንና ማዕዱን ወደ ጎን ትታ ስለ መንፈስ ልታስተምር አትችልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1964 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ወደ ቅድስና የተጠሩት ካህናትና መነኮሳት ብቻ ሳይሆኑ ባለትዳሮችም፣ ሠራተኞችም፣ መበለቶችም፣ ሕመምተኞችም እያንዳንዳቸው እንደ ኑሯቸው መሆናቸውን አስታውቋል። የዚህ ሕይወት ምንጩ ጥምቀት፣ ምግቡ ቅዱስ ቁርባን፣ መድኃኒቱ ምሥጢረ ንስሓ፣ እስትንፋሱም ጸሎት ነው፤ የሚታየው ግን ሰውየው በሚውልበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ አቡነ ያዕቆብ ብለን ወደምንጠራቸው ወደ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ እንለፍ። የምንጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

አቡነ ያዕቆብ በደቡብ ኢጣልያ፣ ባሲሊካታ በሚባለው ተራራማ አውራጃ፣ ሳን ፌሌ በተባለች ትንሽ ከተማ ኦክቶበር 9 ቀን 1800 ዓ.ም. ብዙ ልጆች ከነበሩት ቤተሰብ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ናፖሊ ተዛወረ። በ1818 ዓ.ም. ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ወደ መሠረተውና በተለምዶ ላዛሪስት ተብሎ ወደሚጠራው የልዑካን ማኅበር ገቡ፤ ጁን 12 ቀን 1824 ዓ.ም. በብሪንዲዚ ከተማ የክህነት ማዕረግ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል በኦርያ፣ በሞኖፖሊ፣ በሌቼና በናፖሊ ለገጠር ሕዝብ ሲሰብኩ፣ ኑዛዜ ሲቀበሉና የማኅበራቸውን ቤቶች ሲመሩ ኖሩ። በ1836 እና በ1837 ዓ.ም. ኮሌራ ናፖሊን ሲያስጨንቃት በሕመምተኞች መካከል ሲመላለሱ ከታዩት ካህናት አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

በዚህ የወጣትነት ዘመናቸው ላይ ብዙ አንቆይም፤ ነገር ግን የተማሩበትን ትምህርት ቤት ሳናውቅ በኋላ የሠሩትን ልንረዳ አንችልም። ቅዱስ ቪንሰንት ለማኅበሩ አባላት አምስት ምግባራትን፣ ማለት ቅንነትን፣ ትሕትናን፣ የዋህነትን፣ ራስን መግዛትንና ስለ ነፍሳት መዳን መቅናትን ደንብ አድርጎ ሰጣቸው። በየማለዳው አንድ ሰዓት በጽሞና እንዲጸልዩም አዘዛቸው። ይሁን እንጂ በዚያው በጸሎት ሰዓት ድኻ ቢጠራቸው ተነሥቶ መሄድ እግዚአብሔርን መተው ሳይሆን እርሱን በሌላ ስፍራ ማግኘት እንደ ሆነ ልጆቹን ያስተምር ነበር። ይህ ትምህርት ጸሎትን ለማስታጎል ሰበብ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በማለዳው ሰዓት ጌታውን ያላወቀ ሰው፣ በድኻው ደጅ ሲያገኘው አይለየውም።

በ1839 ዓ.ም. ከሮም የኢትዮጵያ ሚስዮን ሐዋርያዊ አስተዳዳሪ ሆነው ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በምጽዋ በኩል ገብተው በወሩ መጨረሻ ዓድዋ ደረሱ። የማኅበራቸው ካህን የነበሩት አባ ዮሴፍ ሳፔቶ አስቀድመው በ1838 ዓ.ም. በዚያ ደርሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ትግራይንና ስሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ።

የገቡበት አገር ስለ ካቶሊክ ካህናት የነበረውን ትዝታ ሳናስብ ልናልፍ አይገባንም። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በሀገሩ ሥርዓተ አምልኮ፣ በጾሙና በበዓላቱ ፈንታ የላቲኑን ሥርዓት በግድ ሊተክሉ በመሞከራቸው የብዙ ሰው ደም ፈስሷል፤ በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ተዉ፤ ሚስዮናውያኑም ተባረሩ። እነዚያ አባቶች ጸሎት አላነሳቸውም፤ ተጋድሎም አላነሳቸውም። ያነሳቸው ከሕዝቡ እግር ሥር ቁጭ ብሎ መማር ነበር ብንል ፍርዳችን ከእውነት የራቀ አይመስለንም።

አቡነ ያዕቆብ የጀመሩት እነዚያ በተዉት በኩል ነው። የአገሩን ነጭ ልብስ ለበሱ፤ እንጀራውን በሉ፤ የአገሩን ጾም ጾሙ፤ በጎጆ ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ተኙ። አርባ ዓመት የሞላቸው የመንፈሳዊ ቤት አለቃ የነበሩ ሰው፣ እንደ ሕፃን ፊደል ቆጥረው ግዕዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን መማር ጀመሩ። ይህን ያደረጉት ለማስመሰል ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ በሳምንት ውስጥ ባወቀባቸው ነበር፤ እንግዳ ልብስን ለብሶ ልብን መደበቅ በአገራችን ብዙ አያስኬድም። ሃያ ዓመት በዚያው ልብስ ኖረው በዚያው ልብስ ሞቱ። ስለዚህ ጾምና ልብስ ለእርሳቸው የስብከት መሣሪያ ብቻ አልነበሩም። ቃል ሥጋ ሲሆን የለበሰው የአንድን ሕዝብ ቋንቋና ልማድ ጭምር መሆኑን ስላመኑ፣ እርሱን መከተል ማለት እንደ እርሱ ወርዶ መኖር መሆኑን ተረድተው ነበር። ያ ከኋላ ወንበር የተነሡት አረጋዊ መምህር በሥልጠናው ላይ ይህን ከእኛ አልሰሙም። ግስ ሲያጠኑ የዋሉት የአቡነ ያዕቆብ ቀን፣ ሲያርሱ ከዋሉት ከእርሳቸው ቀን ጋር በአንድ ሚዛን ይመዘናል፤ የሚመዝነውም ሥራው የተሠራበት ፍቅር ነው።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1840 ዓ.ም. በዓድዋ ለጥቂት ሰዎች የመጀመሪያ ንግግራቸውን አደረጉ። በገዛ አማርኛቸው ገና የሚንተባተቡ ነበሩ። የንግግሩ ፍሬ ነገር፣ አፍ የልብ በር፣ ቃልም መክፈቻው መሆኑን፣ እርሳቸውም ሲናገሩ የልባቸውን በር መክፈታቸውን፣ በልባቸውም ውስጥ ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ፍቅር እንጂ ሌላ ነገር አለመኖሩን የሚገልጽ ነበር። ክርክር አላነሡም፤ ስለ ኬልቄዶን አልተናገሩም። የሚሉትን ሁሉ ሰዎቹ በሕይወታቸው እንዲፈትኑት ራሳቸውን ለፈተና አቀረቡ። እኛ ካህናትና መምህራን ስብከት ስናዘጋጅ ከዚህ የሚበልጥ አደጋ የምንወስድ አይመስለንም፤ ልቡን ከፍቶ እንዲመረመር የሚሰጥ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ በጓዳ የሚሸሽገው ሌላ ኑሮ ሊኖረው አይችልምና።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር በጨረፍታ እናንሣ። አባ ሳፔቶም የዚያው ማኅበር ካህን፣ የዚያው ደንብ ልጅ ነበሩ፤ ቋንቋም ከአቡነ ያዕቆብ ሳያንሱ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ሚስዮኑን ትተው ከሄዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1869 ዓ.ም. ሩባቲኖ ለተባለ የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ የአሰብን ምድር የገዙት እርሳቸው ናቸው፤ ያም ግዢ ለኢጣልያ ቅኝ ግዛት መነሻ ሆነ። የአገርን ቋንቋና ልማድ ማወቅ ብቻውን መንፈሳዊ አያደርግም። ዕውቀቱ ለማን እንደሚሠራ ይወስነዋል።

በ1841 ዓ.ም. መጀመሪያ ደጃዝማች ውቤ ለኢትዮጵያ አዲስ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞች ሲልኩ፣ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። የካቶሊክ ካህን ከእስክንድርያ ፓትርያርክ ጳጳስ ለመለመን ከሚሄዱ ሰዎች ጋር መሄዱ ለዚያን ጊዜም ለዛሬም ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። እርሳቸው ግን የሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ተስፋ አድርገው፣ ከዚያም መልእክተኞቹ ሮምን እንዲጎበኙ አስበው ተስማሙ። ነገሩ እንዳሰቡት አልሆነም። በካይሮ ፓትርያርኩ እንድርያስ የተባሉ ወጣት መነኩሴን መርጠው አቡነ ሰላማ ብለው ሾሙ፤ ስለ አንድነትም የተከፈተ በር አልነበረም። ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ብቻ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮም ተሻገሩ፤ በኦገስት ወርም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ዐሥራ ስድስተኛ ተቀበሏቸው፤ ሲመለሱም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ።

ከዚህ ረጅም መንገድ ያተረፉት ነገር ቢኖር አንድ ወዳጅ ነው። ከመልእክተኞቹ መካከል በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አጠገብ የተወለዱት መነኩሴ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ በዕድሜም ከአቡነ ያዕቆብ በአሥር ዓመት ገደማ የሚበልጡ፣ እውነተኛውን ትምህርት ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም መጻሕፍት ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። በ1844 ዓ.ም. ከረጅም ምርመራ በኋላ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሉ። አቡነ ያዕቆብ ምርመራውን ሊያፋጥኑ አልሞከሩም፤ ሰው ከገዛ ኅሊናው ቀድሞ እንዲደርስ መግፋትን አልወደዱምና። ከዚያ በኋላም ማን የማን አስተማሪ እንደ ነበረ ለመለየት ያስቸግራል። የክርስትና ትምህርት መጽሐፍ በአማርኛ ሲያዘጋጁ፣ አቡነ ያዕቆብ ትምህርቱን፣ አባ ገብረ ሚካኤልም ቋንቋውንና የሀገሩን የሊቃውንት ወግ ይዘው አብረው ተቀመጡ። በዓዲግራት አጠገብ በጓላ በ1844 ዓ.ም. የተቋቋመው ዘርአ ክህነትም በእነዚህ በሁለቱ ትከሻ የቆመ ነበር። አቡነ ያዕቆብ በሁሉም ነገር መጠጊያቸው ያደረጓት ያለ አዳም ኃጢአት የተፀነሰችው እመቤታችን ስትሆን፣ ሜዳልያዋንም ለሚያገኙት ሁሉ ያድሉ ነበር።

ጓላ አልቆየም። አቡነ ሰላማ በ1840ዎቹ አጋማሽ ካቶሊኮችን አወገዙ፤ ስደት ተነሣ፤ አቡነ ያዕቆብና ተማሪዎቻቸው ወደ ኢሮብ ምድር፣ ወደ አሊተና ወጡ። እኛ ይህን ታሪክ የምንጽፈው በአኀት አብያተ ክርስቲያናት መካከል የተዘጋ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በዚያ ዘመን በየትኛውም ወገን ማባረርና ማሰር የሃይማኖት አገልግሎት ይመስል ነበር፤ ከላይ ያነሣነው የሜንዴዝ ታሪክም የእኛ ወገን ከዚህ ነጻ እንዳልነበረ ይመሰክርብናል። ነገር ግን የኢሮብ ሕዝብ ስደተኞቹን ተቀብሎ በተራራው ላይ ያስጠጋበትን ደግነት ሳናመሰግን ማለፍ አይቻለንም። አሊተና እስከ ዛሬ ከካቶሊኮቻችን ቀደምት መኖሪያዎች አንዷ ናት።

በ1846 ዓ.ም. ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው የተላኩት የካፑቺን ማኅበር አባል አቡነ ማስያስ ወደ አገሩ ገቡ፤ አቡነ ያዕቆብ ላዘጋጇቸው ኢትዮጵያውያንም ክህነት ሰጡ። በ1847 ዓ.ም. ሮም አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው ጳጳስ እንዲሆኑ ወሰነች። እርሳቸው ግን ለማዕረጉ የተገባሁ አይደለሁም ብለው ጊዜውን ደጋግመው አሳለፉት። አቡነ ማስያስ ብዙ ከተከራከሯቸው በኋላ፣ በጃንዋሪ 1849 ዓ.ም. መጀመሪያ በምጽዋ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አደጋ ስለሚያሰጋ በሌሊት፣ በር ተዘግቶ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ባሉበት ቅብዐ ጵጵስና ተቀበሉ። የጳጳስ ሹመት የሚያስፈልገው መዘምራን፣ ዕጣን የሞላበት ካቴድራልና የሕዝብ እልልታ ሁሉ አልነበረም። አሕዛብ በሚገዙት ወደብ፣ በሙቀትና በሥጋት መካከል የተፈጸመ ነገር ነው።

ስለዚህ እምቢታቸው ትንሽ ማሰላሰል ተገቢ ይመስለናል። ትሕትና ያለ ልክ ሲረዝም እልከኝነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በእርግጥም ያ ወጣት ኅብረት ሁለት ዓመት ያህል ጳጳስ ሳይኖረው ቆይቷል። ቅዱሳን ሁሉ በሁሉም ነገር ትክክል ነበሩ ብለን ልናስተምር አንገደድም። የሚደነቀው ግን በመጨረሻ ራሳቸውን ከመናቅ ይልቅ ለመታዘዝ መምረጣቸው ነው። ስለ ራስ ክፉ ማሰብም ቢሆን ስለ ራስ ማሰብ ነው፤ ከዚያም ወጥተው የታዘዙትን ተሸከሙ። ጳጳስ ከሆኑ በኋላ በሥርዓተ ግዕዝ እንዲቀድሱና ክህነት እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው፤ የሕዝቡም ቅዳሴ የእርሳቸው ቅዳሴ ሆነ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1851 ዓ.ም. በአሊተና ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸውን አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አደረጓቸው። ሽማግሌው ሊቅ ከወዳጃቸውና ከተማሪያቸው እጅ ክህነት ሲቀበሉ የነበረውን ሰዓት ልናየው ብንችል እንዴት በወደድን ነበር!

በ1854 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ጎንደርን ይዘው ከአቡነ ሰላማ ጋር ሲስማሙ፣ በከተማይቱ የነበሩት አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከሌሎች ካቶሊኮች ጋር ተያዙ። ወራትም በእስር ቤት አለፉ። ከዚያም አውሮጳዊውን ጳጳስ ከኢትዮጵያውያኑ ለዩአቸው፤ እርሳቸውን ከአገር ለማስወጣት በወታደሮች ወደ ሱዳን ድንበር ላኩአቸው። በመጨረሻም እርሳቸው በመንገድ ነጻ ወጥተው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተመለሱ።

ይህ መለየት ከደረሰባቸው መከራ ሁሉ የከፋው ይመስለናል። ልጆቻቸው በግንድና በሰንሰለት ታስረው ሲቀሩ እርሳቸው መሄዳቸው ነውና። አባ ገብረ ሚካኤል ሃይማኖታቸውን እንዲተዉ ብዙ ተገረፉ፤ በሜይ 1855 ዓ.ም. ሞት ተፈርዶባቸው፣ በእንግሊዙ ቆንስል በፕላውደን ልመና ፍርዱ ወደ እስር ተለወጠላቸው። ከዚያ ወዲህ ከንጉሡ ጦር ጋር በሰንሰለት እየተጎተቱ፣ በዚያው ዓመት ክረምት በሕመምና በድካም መንገድ ላይ ዐረፉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ ኦክቶበር 3 ቀን 1926 ዓ.ም. ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው። መቃብራቸው የት እንደ ሆነ አይታወቅም። እርሳቸውን ለዚህ ያበቋቸው አባት ግን ቀጥሎ አምስት ዓመት በሕይወት ኖሩ፤ ሰማዕትነት የተማሪው ሲሆን፣ የአስተማሪው ዕጣ ያን ሞት እየተሸከሙ በየማለዳው ተነሥቶ መሥራት ሆነ። በሐላይና በሄቦ፣ በአከለ ጉዛይ መንደሮች እየተዘዋወሩ ያሉትን ጥቂት ምእመናን አስተማሩ፤ ካህናት አዘጋጁ፤ ንስሓ ተቀበሉ። ከውጭ ለሚመለከት ሰው የሃያ ዓመት ሥራ ፈርሶ በጥቂት ጎጆዎች ቀርቶ ነበር። ዘርአ ክህነቱ ተበትኗል፤ አንድነት አልመጣም፤ ወዳጃቸው ሞተዋል። በዘመናችን በቁጥር መመዘን ስለለመድን እንዲህ ያለውን ሰው በዓመታዊ ሪፖርት ብናስገባው ኖሮ ምን ብለን እንደምንጽፍለት እንጃ!

የመጨረሻው ዓመት ደግሞ የፖለቲካ ጥላ ያጠላበት ነው፤ ይህንንም መሸፈን አይገባም። በትግራይ ደጃዝማች ንጉሤ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ተነሥተው ከፈረንሳይ መንግሥት ርዳታ ይፈልጉ ነበር። የናፖሊዮን ሦስተኛ መልእክተኛ ኮንት ሩሴል ወደ አካባቢው ሲመጣ፣ በሐላይ የነበሩት አቡነ ያዕቆብ በነገሩ ተጠላለፉ፤ በዚህም ተይዘው ታሰሩ። ለምእመናኖቻቸው ጥበቃ ሊያገኙ አስበው እንጂ ሥልጣን ፈልገው እንዳልነበረ ከቀረው ሕይወታቸው እንረዳለን። ያም ሆኖ የመንግሥታት ጥበቃ ለቤተ ክርስቲያን የሚያመጣው መዘዝ ከጥቅሙ ብዙ ጊዜ እንደሚበልጥ የእርሳቸውም ታሪክ ያሳያል። ከእስር ወጥተው ወደ ምጽዋ ሲወርዱ ጤናቸው ተቃውሶ ነበር።

በቆላው ሙቀት ትኩሳቱ ሲብስባቸው፣ በጁላይ 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከምጽዋ አጠገብ ካለችው ከእምኩሉ ተነሥተው ወደ ደጋው፣ ወደ ሐላይ ለመመለስ ጉዞ ጀመሩ። አብረዋቸው ጥቂት መነኮሳትና ተማሪዎች ነበሩ። በሦስተኛው ቀን፣ ጁላይ 31፣ አሊጋዴ በተባለው ሸለቆ ውስጥ ሲደርሱ ከዚያ በላይ ሊጓዙ አልቻሉም። ጥላው ሳሳ ካለ ዛፍ ሥር አወረዷቸው፤ ራሳቸውን በድንጋይ ላይ አሳረፉ። ተናዘዙ፤ ቅብዐ ቅዱስም ተቀበሉ። በዙሪያቸው ያሉትንም ልጆቻቸውን በእርሳቸው በደረሰባቸው ቅሬታ ሁሉ ይቅርታ ለመኑአቸው፤ መከሩአቸው፤ ባረኩአቸው። ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ዳር ዐረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ምንም ቢሆን የሚያስደንቀን የመጨረሻው ይቅርታ ነው። ሃያ ዓመት ከተሰደዱ፣ ከታሰሩና ከተባረሩ በኋላ የሚቆጥሩት የተበደሉትን ሳይሆን የበደሉትን ነበር። ያ አንድ ሰዓት የማለዳ ጸሎት በብዙ ዓመታት ውስጥ በሰው ልብ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት የሚፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያገኝም።

ልጆቻቸው አስከሬኑን ተሸክመው ወደ ሄቦ ወሰዱትና በዚያ ቀበሩት። ሄቦ ዛሬ በኤርትራ ትገኛለች፤ መቃብራቸውም ምእመናን የሚሳለሙት ስፍራ ነው። በ1939 ዓ.ም. ብፁዕ ተብለው፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1975 ዓ.ም. ደግሞ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ የቅድስና ማዕረግ ተሰጣቸው። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የነበሩት የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው ስላቆዩልን፣ ስለ አባታችን የምናውቀውን ብዙውን ነገር ያወቅነው ከሮም ሳይሆን፣ እርሳቸው ፊደል ከቆጠሩበት ከዚሁ አገር ሰው ነው።